በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የነበረው የመርከብ ላይ ኑሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚመለከተው ከ1940 እስከ 1960 ባሉት ሃያ ዓመታት በአሜሪካ የጦር መርከቦች ላይ ያገለግል የነበረውን ተራ መርከበኛ፣ የሚበላውንና የሚተኛበትን፣ የሚታዘዝበትንና የሚቀጣበትን ሥርዓት፣ እንዲሁም በዚያ ሥርዓት ላይ ከዋሽንግተን የወረዱትን ለውጦች ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን ሰዓቱ ግን ለአንባቢ እንዲቀል በእኛ አቆጣጠር ተቀምጧል። በመልሶቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ ባሕር ኃይሉ መሣሪያውን ለመለወጥ የፈጠነውን ያህል ልማዱን ለመለወጥ አልፈጠነም።

ባሕር ኃይሉ በዚያ ዘመን ምን ያህል ትልቅ ነበር?

በ1940 አጋማሽ ከ160 ሺህ ጥቂት ከፍ የሚል ሠራዊት ነበረው። በ1945 ክረምት፣ ጃፓን እጇን ስትሰጥ፣ የሰዉ ቁጥር 3.4 ሚሊዮን አካባቢ፣ የመርከቦቹ ቁጥር ደግሞ 6,768 ደርሶ ነበር። ይህ የመርከብ ቁጥር ሲነገር ሰው ሁሉ ግዙፍ የጦር መርከቦችን በዓይነ ኅሊናው ይስላል፤ ነገር ግን ከ2,500 የሚበልጡት ወታደርና ታንክ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚያወርዱ መርከቦች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የወረደው ደግሞ እንደወጣው በፍጥነት ነው፤ በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲጀመር በሥራ ላይ የነበሩት መርከቦች 634 ብቻ ነበሩ።

ሰው ወደ ባሕር ኃይሉ የሚገባው በፈቃዱ ነበር ወይስ በግዳጅ?

እስከ 1942 መጨረሻ ድረስ በፈቃዱ ነበር። ምድር ጦሩ ከ1940 ጀምሮ በግዳጅ ምልመላ ሕግ ወጣቱን ሲሰበስብ፣ ባሕር ኃይሉ በፈቃደኞች ብቻ መዝለቅ የቻለው አልጋና ትኩስ ምግብ ያለበት አገልግሎት ጭቃ ውስጥ ከመተኛት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ወጣት ስላልጠፋ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዲሴምበር 5 ቀን 1942 ባወጡት ትእዛዝ ግን ከ18 እስከ 37 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው በራሱ እግር ሄዶ መመዝገቡ ቀርቶ በምልመላ ቦርድ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን በወላጁ ፊርማ መግባቱን አላቆመም።

ከጦርነቱ በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በ1950ዎቹ ባሕር ኃይሉ «በፈቃደኞች የቆመ ነው» ሲባል፣ ከእነዚህ ፈቃደኞች ብዙዎቹ በምድር ጦር ሁለት ዓመት በግዳጅ ከማገልገል ይልቅ በመርከብ አራት ዓመት ማገልገልን የመረጡ እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። ግዳጁ ባይኖር ፈቃዱ ምን ያህል ይሆን ነበር የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ምልምሉ የት ይሠለጥን ነበር?

ከማሠልጠኛዎቹ ትልቁ ግሬት ሌክስ ነበር፤ ከቺካጎ በስተሰሜን በሚሺጋን ሐይቅ ዳር በ1911 የተከፈተ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል መርከበኛ አልፎበታል። ስለዚህ ብዙ አሜሪካዊ መርከበኛ የሆነው ከውቅያኖስ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ጨዋማ ውኃ በዓይኑ ሳያይ ነው። ሥልጠናው የሰልፍ እርምጃ፣ ዋና፣ እሳት ማጥፋት፣ የገመድ ቋጠሮና ምልክት ማንበብ ነበር፤ ምልምሉን በጣም የሚያስለቅሰው ግን የልብስ አያያዝ ነበር። መርከብ ላይ ቁም ሣጥን ስለሌለ ልብስ አይታጠፍም፤ ተጠቅልሎ፣ በቀጭን ገመድ ታስሮ፣ በቁመቱ ልክ በተሰፋው የሸራ ከረጢት ውስጥ ይደረደራል። ጥቅልሉ ሲፈታ ሽብሽብ ከታየበት እንደገና ይጠቀለላል።

ስለ ሱሪው አንድ ነገር ካልተባለ የሚጠይቅ አይጠፋም። በመርከበኛው ሱሪ ፊት ለፊት ያሉት 13 ቁልፎች አሜሪካን የመሠረቱትን 13 ግዛቶች ያመለክታሉ የሚባለው ተረት ነው። የሱሪው የፊት መክፈቻ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እንዲሰፋ ሲደረግ ቁልፉ በዛ፤ ታሪኩ ይኸው ነው።

መርከበኛው የት ይተኛ ነበር?

መልሱን በአንድ ዓይነት መርከብ ማሳየት ይሻላል። የፍሌቸር ክፍል የሚባሉት ዴስትሮየሮች (ትልልቆቹን መርከቦች የሚያጅቡ ፈጣን የጦር መርከቦች) 175 ተሠርተዋል፤ ከዚያ ዘመን ዴስትሮየሮች ሁሉ በብዛት የተሠሩት እነርሱ ናቸው። ርዝመታቸው 115 ሜትር፣ የጎን ስፋታቸው 12 ሜትር ሲሆን፣ በጦርነቱ ጊዜ ከ300 የሚበልጥ ሰው ይሳፈርባቸው ነበር። ከዚህ ስፋት ላይ ቦይለሮቹና ተርባይኖቹ፣ አምስቱ መድፎች፣ የጥይት መጋዘኑ፣ የነዳጅ ታንኮቹና የመኮንኖቹ ክፍሎች ሲቀነሱ ለሦስት መቶው ሰው የሚቀረውን ማሰብ ነው። መርከበኞቹ እነዚህን መርከቦች «ጣሳ» ይሏቸው ነበር፤ ይህም ብረታቸው ስስ ስለሆነ ነበር፤ እንደ ጦር መርከብነታቸው የረባ የብረት ጋሻ አልነበራቸውም።

አልጋው የብረት ቧንቧ ክፈፍ ነው፤ በክፈፉ ላይ ሸራ በገመድ ይወጠርበታል፣ በሸራው ላይ ስስ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ክፈፉም በሰንሰለት ከግድግዳውና ከምሰሶው ይንጠለጠላል። እንዲህ ያሉት አልጋዎች ሦስት፣ በትልልቅ መርከቦች አንዳንድ ክፍል ደግሞ አራት ሆነው እላይ በላይ ይደረደራሉ። መካከለኛው ላይ የተኛ ሰው በጎኑ ለመዞር ሲሞክር ትከሻው ከላይ የተኛውን ሰው ጀርባ ይነካል፤ ታችኛው ላይ የተኛው ደግሞ ለጥበቃ የሚነሣ ሁሉ እግሩን የሚያሳርፈው እሱ ላይ ነው። ቀን ቀን አልጋዎቹ ወደ ግድግዳ ይታጠፋሉ፤ በብዙ መርከቦች ላይ የሚተኛበትና የሚበላበት ክፍል አንድ ነበር። አልጋው ራሱ የመሻሻል ምልክት እንደነበር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ነባር የጦር መርከቦች ላይ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሰው የሚተኛው በጣሪያ ላይ በሚንጠለጠል የሸራ መኝታ ነበር።

ንጹሕ ውኃ ሌላው ጭንቅ ነው። መርከቡ ውኃውን የሚያገኘው የባሕሩን ውኃ አትንኖ ሲሆን፣ ከዚያ መጀመሪያ የሚጠጡት ቦይለሮቹ ናቸው። ሰው የሚታጠበው ከተረፈው ነው፤ ገላን አርሶ ቧንቧውን መዝጋት፣ ሳሙና መቀባት፣ ከዚያ ለአጭር ጊዜ ከፍቶ መለቅለቅ። በፓስፊክ ሙቀት በሞተር ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት ቆሞ ለወጣ ሰው ይህ መታጠብ ነው ለማለት ያዳግታል።

ቀኑ እንዴት ይከፋፈል ነበር?

በባሕር ላይ ቀን በጥበቃ ተራ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ተራ አራት ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10፣ ከ10 እስከ ጠዋቱ 2፣ ከ2 እስከ ቀኑ 6፣ ከ6 እስከ 10 እያለ ይሄዳል። ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ያለው ብቻ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሁለት ሰዓት ይሆናል። ይህ መከፈል ያለ ምክንያት አይደለም። ሃያ አራት ሰዓት በአራት ሲካፈል ስድስት ተራ ይወጣል፤ ሠራተኛው በሦስት ምድብ ቢከፈል ያው ምድብ በየቀኑ ያንኑ ሰዓት ይቆማል፣ ዕድለ ቢሱም ዘመኑን ሁሉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቆማል ማለት ነው። አንዱ ተራ ለሁለት ሲከፈል ተራዎቹ ሰባት ይሆኑና ዙሩ በየቀኑ ይንሸራተታል፤ በዚያውም ሁሉም ሰው እራት ለመብላት ጊዜ ያገኛል። በእንግሊዝኛ እነዚህን አጫጭር ተራዎች ከውሻ ጋር በተያያዘ ስም ይጠሯቸዋል፤ የስሙን ምንጭ የሚያብራሩት ታሪኮች ግን ከተነጋሪው ጋር ስለሚለዋወጡ እዚህ አልተተረኩም።

ጊዜው በደወል ይነገራል፤ ተራው ከተጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት እያለ ስምንት ሲደርስ ተራው አበቃ። «አራት ሰዓት ጥበቃ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት» ሲባል ግን የቢሮ ሠራተኛ ዕረፍት አይደለም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከጥበቃ የወጣ ሰው ጠዋት እንደማንኛውም ሰው ተነሥቶ ቀለም ይፍቃል፣ ወለል ያጥባል፣ መሣሪያ ያጸዳል። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት መላው ሠራተኛ ለውጊያ ቦታ ቦታውን ይይዝ ነበር፤ ብርሃኑ ደብዛዛ በሆነበት ሰዓት ሰርጓጅ መርከብም አውሮፕላንም ይመጣልና።

ተረኛውን ለመቀስቀስ የሚላከው ልጅ ቀይ መብራት ያለው ባትሪ ይዞ በጨለማው መኝታ ክፍል ይዞራል። ቀይ የሚሆነው ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ዓይን ጨለማን እንደለመደ እንዲቆይ ነው። የተሳሳተ ሰው የቀሰቀሰ እንደሆነ የሚሰማው ስድብ በማንኛውም የደንብ መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም።

ምን ይበሉ ነበር? መጠጥስ ይፈቀድ ነበር?

ምግቡ ከዘመኑ ጦሮች ሁሉ የተሻለ እንደነበር ብዙዎች ይስማማሉ፤ ቢያንስ መርከቡ ከወደብ በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት። ትኩሱ አትክልትና እንቁላል ሲያልቅ የዱቄት ወተት፣ የዱቄት እንቁላል፣ ባቄላና የቆርቆሮ ሥጋ ይተካል። ተራው መርከበኛ በክፍልፋይ የብረት ትሪ ላይ በነጻ ይበላል፤ መኮንኖች ግን በራሳቸው አዳራሽ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ የምግባቸውን ወጪ ከኪሳቸው አዋጥተው ይበሉ ነበር። ቡና በሁሉም ሰዓት ነበረ። እኛ ቡና የምናውቅበትን ጣዕም ያላቸው ሰዎች ያንን ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ የዋለ ጥቁር ውኃ ቡና ይሉት እንደሁ እጠራጠራለሁ።

አልኮል ፈጽሞ ክልክል ነበር። ለተራው መርከበኛ ይታደል የነበረው የመጠጥ ድርሻ በ1862 የቀረ ሲሆን፣ መኮንኖችም ከጁላይ 1 ቀን 1914 ጀምሮ በባሕር ኃይል ሚኒስትሩ በጆሴፈስ ዳንኤልስ ትእዛዝ ወይናቸውን ተነጥቀዋል። የእንግሊዝ መርከበኞች ግን እስከ 1970 ድረስ ዕለታዊ ሮማቸውን ይጠጡ ነበር፤ ሁለቱ ባሕር ኃይሎች በአንድ ወደብ ሲገናኙ አሜሪካዊው ለምን ወደ እንግሊዙ መርከብ ለመጋበዝ እንደሚቸኩል ከዚህ መረዳት ይቻላል። ክልከላው ለመርከቡ እንጂ ለመሬቱ አይሠራም፤ ስለዚህ በ1944 መጨረሻ በኡሊቲ ደሴቶች መልህቅ የጣሉ መርከቦች ሠራተኞቻቸውን በጀልባ ሞግሞግ ወደምትባል ትንሽ ደሴት እያወረዱ፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ጠርሙስ ለብ ያለ ቢራ ያድሉ ነበር። ሰርጓጅ መርከበኞችና የቶርፔዶ ሠራተኞች ደግሞ ቶርፔዶው፣ ማለትም በውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚመታው ፈንጂ፣ የሚነዳበትን አልኮል ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር ቀላቅለው ይጠጡ እንደነበር የታወቀ ነው።

መጠጥ በተከለከለበት ቦታ አይስክሬም ነገሠ። አውሮፕላን ተሸካሚዎች የአይስክሬም ማሽን ነበራቸው፣ ትንንሾቹ ዴስትሮየሮች በአብዛኛው አልነበራቸውም፤ በመሆኑም ዴስትሮየር ባሕር ውስጥ የወደቀ አብራሪ አውጥታ ወደ ተሸካሚው ስትመልስ በምላሹ አይስክሬም መቀበል የታወቀ ልማድ ሆኖ ነበር። በ1945 ደግሞ ሥራው ለሌሎች መርከቦች አይስክሬም መሥራት ብቻ የሆነ ሞተር የሌለው የኮንክሪት ጀልባ በፓስፊክ ተሰማርቷል።

ደመወዙ ምን ያህል ነበር?

በጁን 1942 በወጣው የደመወዝ ሕግ የመጨረሻው ማዕረግ መነሻ በወር 50 ዶላር ሆነ፤ ከባሕር ላይ አገልግሎት ጋር 20 በመቶ ይጨመርበታል። ባለትዳር ከሆነ ግን ከደመወዙ 22 ዶላር ተቀንሶ፣ መንግሥት 28 ዶላር ጨምሮበት፣ 50 ዶላር በየወሩ ለሚስቱ በቀጥታ ይላክ ነበር። ቤተሰቡን የሚረሳ ወጣት እንዳይኖር ታስቦ የወጣ ብልህ ሕግ ይመስለኛል።

ደብዳቤ እንዴት ይላላኩ ነበር?

ከ1942 አጋማሽ ጀምሮ ደብዳቤው በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በትንሽ ፊልም ይነሣና ፊልሙ በአውሮፕላን ተጓጉዞ እንደገና በወረቀት ይታተም ነበር። ከመላኩ በፊት የመርከቡ መኮንኖች ያነቡታል፤ መርከቡ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ነገር ካለበት ይሰረዛል። ለሚስቱ የሚጽፈውን ነገ በማለዳ ትእዛዝ የሚሰጠው መኮንን እንደሚያነበው እያወቀ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚጽፍ መገመት አያዳግትም።

ያጠፋ መርከበኛ በምን ሕግ ይቀጣ ነበር?

እስከ 1951 ድረስ ባሕር ኃይሉ ከምድር ጦሩ የተለየ የራሱ የቅጣት ሕግ ነበረው። መርከበኞቹ «ድንጋይና ደለል» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር፤ መርከብ ተጋጭቶ የሚሰበርባቸው ነገሮች ማለታቸው ነው። ጅራፍ በ1850 በኮንግረስ ቢከለከልም፣ ጥፋተኛን ለብቻው አስሮ ዳቦና ውኃ ብቻ መስጠት ቀጥሎ ነበር። ቀላሉን ጥፋት የሚዳኘው የመርከቡ አዛዥ ራሱ ነው፤ ችሎቱ ከጥንት ጀምሮ ከምሰሶው ሥር ይደረግ ስለነበር እስከ ዛሬ በምሰሶው ስም ይጠራል። አዛዡ ከሳሹንና ተከሳሹን ቆመው ይሰማል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይወስናል፤ ከመርከብ መውጣት መከልከል፣ ተጨማሪ ሥራ፣ ማዕረግ መቀነስ ወይም እስራት ሊሆን ይችላል።

ከጦርነቱ የተመለሱት ሚሊዮኖች ስለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ያሰሙት ምሬት ኮንግረስ ድረስ ደርሶ፣ ለሁሉም የጦር ክፍሎች አንድ የሆነ ወታደራዊ የፍትሕ ሕግ በሜይ 1950 ጸደቀ፤ በሥራ ላይ የዋለው ሜይ 31 ቀን 1951 ነው። ተከሳሽ የመከላከያ ጠበቃ የማግኘትና በሲቪል ዳኞች በተዋቀረ የይግባኝ ፍርድ ቤት የመሰማት መብት አገኘ። ዳቦና ውኃው ግን በሦስት ቀን ተገድቦ ቀጠለ፤ ጨርሶ የቀረው በ2019 ነው።

ጥቁር መርከበኞች ምን ዓይነት ሥራ ይፈቀድላቸው ነበር?

ጦርነቱ ሲጀመር የተፈቀደላቸው የመኮንኖች አስተናጋጅነት ብቻ ነበር፤ ምግብ ማቅረብ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ጫማ መጥረግ። በፐርል ሃርበር ጥቃት ዕለት፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1941፣ ዶሪ ሚለር በጦር መርከቧ ዌስት ቨርጂንያ ላይ በዚህ ሥራ ላይ ነበር። የቆሰሉትን፣ ከእነርሱም መካከል የመርከቧን አዛዥ፣ ለማንሣት ከረዳ በኋላ ፈጽሞ ያልሠለጠነበትን መትረየስ ይዞ በጃፓን አውሮፕላኖች ላይ ተኩሷል። የፓስፊክ መርከቦች አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ በሜይ 1942 የባሕር ኃይሉን መስቀል በደረቱ ላይ አደረጉለት፤ ይህን ኒሻን የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ከሽልማቱ በኋላ የተመለሰው ግን ወደዚያው ወደ መስተንግዶ ክፍል ነው። በኖቬምበር 1943 ያገለግልባት የነበረችው ሊስኮም ቤይ የተባለች አውሮፕላን ተሸካሚ በቶርፔዶ ስትመታ አብሮ ሞተ።

ከጁን 1942 ጀምሮ ጥቁሮች በሌላም ሙያ እንዲመዘገቡ ተፈቀደ፤ ሥልጠናው ግን ተለይቶ፣ በግሬት ሌክስ ውስጥ ሮበርት ስሞልስ በተባለ ካምፕ ነበር። ከሠለጠኑ በኋላም አብዛኞቹ የተላኩት ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ወደብ ጭነት ሥራ ነው። ይህ ምደባ ያስከተለው ነገር በካሊፎርኒያ ፖርት ቺካጎ ታየ። ጁላይ 17 ቀን 1944 ማታ ጥይትና ቦምብ ለመጫን የቆሙ ሁለት መርከቦች ፈንድተው 320 ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ 202ቱ ጥቁር ጫኞች ነበሩ። ስለ ፈንጂ አያያዝ በቂ ሥልጠና አልተሰጣቸውም፤ ነጭ መኮንኖቻቸው ግን የትኛው ቡድን ፈጥኖ እንደሚጭን ያወዳድሯቸው ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሌላ ወደብ ወደ ጭነቱ ተመለሱ ሲባሉ 258 ሰዎች እምቢ አሉ፤ ከእነርሱም 50ዎቹ በአመፅ ተከሰው ከ8 እስከ 15 ዓመት ተፈረደባቸው። አብዛኞቹ በ1946 መጀመሪያ ተለቀቁ፤ ፍርዱ የተሻረው ግን በ2024፣ ፍንዳታው በደረሰ 80ኛ ዓመቱ ዕለት ነው።

በዚያው በ1944 ሌላም ነገር ይካሄድ ነበር። በማርች የመጀመሪያዎቹ 13 ጥቁሮች መኮንንነት ተሾሙ፤ ሜሰን የተባለችው አጃቢ መርከብ በአብዛኛው በጥቁር መርከበኞች ተሞልታ ወደ አትላንቲክ ወጣች፤ አዲሱ ሚኒስትር ጄምስ ፎረስታልም በ25 የድጋፍ መርከቦች ላይ ጥቁሩና ነጩ ተቀላቅሎ እንዲያገለግል ሙከራ አስጀመሩ፤ የጥቁሮቹ ቁጥር ግን ከሠራተኛው አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ተባለ። ሙከራው ያለ ችግር ስላለፈ ባሕር ኃይሉ በፌብሩዋሪ 1946 በምደባ ላይ የነበረውን የዘር ገደብ በወረቀት አነሣ፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ለሁሉም የጦር ክፍሎች ያወጡት ትእዛዝ ከዚህ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ጁላይ 26 ቀን 1948 የወጣ ነው። «በወረቀት» የተባለው ሆን ተብሎ ነው፤ በ1950ዎቹም የመስተንግዶው ክፍል በአብዛኛው የጥቁሮችና በልዩ ስምምነት ከአገራቸው የሚመለመሉ የፊሊፒንስ ሰዎች ነበር።

ሴቶችስ?

ጁላይ 30 ቀን 1942 በወጣ ሕግ የሴቶች ተጠባባቂ ክፍል ተቋቋመ፤ የዌልስሊ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚልድረድ ማክአፊ መሪው ሆኑ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ቁጥራቸው ከ80 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። የሬዲዮ መልእክት ይቀበሉ፣ ምስጢር ይፈቱ፣ የአየር ሁኔታ ይተነብዩ፣ አብራሪዎችን ያሠለጥኑ ነበር። በ1943 የተቀላቀሉት የሂሳብ ምሁሯ ግሬስ ሆፐር በሃርቫርድ ከመጀመሪያዎቹ ግዙፍ የስሌት ማሽኖች በአንዱ ላይ እንዲሠሩ ተመድበው፣ በኋላ በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ ስማቸው ገናና ሆኗል። በ1948 ሴቶች በመደበኛው ሠራዊት እንዲቀጠሩ ሲፈቀድ ከጠቅላላው ሁለት በመቶ እንዳይበልጡ፣ ከሆስፒታልና ከማጓጓዣ መርከብ በቀርም በማናቸውም መርከብ ላይ እንዳያገለግሉ ተደነገገ። የመርከቡ ገደብ ሠላሳ ዓመት ቆይቷል።

ከጠላት ሌላ የሚያሰጋው ምን ነበር?

ባሕሩ ራሱ። ዲሴምበር 18 ቀን 1944 ከፊሊፒንስ በስተምሥራቅ የአድሚራል ሃልሲ መርከቦች አውሎ ነፋስ ውስጥ ገቡ። ዴስትሮየሮቹ ከበፊቱ ቀን ጀምሮ ነዳጅ ለመሙላት ሲሞክሩ ማዕበሉ ስላልፈቀደላቸው ታንኮቻቸው ባዶ ሊሆኑ ተቃርበው ነበር። ባዶ ታንክ ያላት መርከብ ከላይ ትከብዳለች፤ መድኃኒቱ የባሕር ውኃ ወደ ታንኮቹ ማስገባት ነው፤ ይሁንና ያ ውኃ ነዳጁ ከመምጣቱ በፊት ተጠርጎ መውጣት ስላለበትና ነዳጁ አሁን አሁን ይመጣል ተብሎ ስለተጠበቀ አንዳንድ አዛዦች ዘገዩ። ስፔንስ፣ ሃልና ሞናሃን የተባሉት ሦስት ዴስትሮየሮች ተገልብጠው ሰጠሙ፤ በጠቅላላው 790 ያህል ሰው ጠፋ፤ ከሞናሃን የተረፉት ስድስት ብቻ ናቸው። ታበረር የተባለች ትንሽ አጃቢ መርከብ ምሰሶዋ ተሰብሮ ሬዲዮዋ ተቋርጦ ሳለ በጨለማ ውስጥ ድምፅ ሰምታ ፍለጋ ጀምራ 55 ሰው ከውኃ አወጣች። በኋላ አድሚራል ኒሚትዝ ለመላው ጦር በጻፉት ደብዳቤ፣ አንድ አዛዥ የመርከቡን ደኅንነት ለመጠበቅ የበላይ ትእዛዝ መጠበቅ እንደሌለበት አሳሰቡ።

በ1949 የተነሣው «የአድሚራሎች አመፅ» ምን ነበር?

ጠመንጃ የተተኮሰበት አመፅ አልነበረም፤ የበጀት ጠብ ነበር። በ1947 በወጣው ሕግ ባሕር ኃይሉ በካቢኔው ውስጥ የነበረውን የራሱን ወንበር አጥቶ በአንድ የመከላከያ ሚኒስትር ሥር ገባ፤ አየር ኃይሉም ራሱን የቻለ ሆነ። አየር ኃይሉ የሚቀጥለው ጦርነት በረጅም ርቀት ቦምብ ጣይ አውሮፕላንና በአቶሚክ ቦምብ ይወሰናል ሲል፣ ባሕር ኃይሉ አቶሚክ ቦምብ የሚሸከም አውሮፕላን የምታስነሣ 65 ሺህ ቶን የምትመዝን ዩናይትድ ስቴትስ የተባለች ተሸካሚ መርከብ መሥራት ጀመረ። መሠረቷ በተጣለ በአምስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 23 ቀን 1949፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሉዊስ ጆንሰን ሥራውን አስቆሙት። የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር ጆን ሱሊቫን ሥራቸውን ለቀቁ፤ ከፍተኛ መኮንኖችም ኮንግረስ ፊት ቀርበው የመንግሥታቸውን ፖሊሲ በግልጽ ነቀፉ፤ የባሕር ኃይሉ ኤታ ማዦር ሹም አድሚራል ዴንፌልድም በዚህ ምክንያት ከሥልጣን ተነሡ።

በዚያው ምርመራ ላይ ጄኔራል ኦማር ብራድሊ ከባሕር ወደ የብስ የሚደረግ ታላቅ የማጥቃት ዘመቻ ከእንግዲህ እንደማይኖር ተንብየው ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1950፣ የባሕሩ ውኃ በማዕበል ሰዓት ዘጠኝ ሜትር ያህል በሚነሣበትና በሚወርድበት በኢንቾን ወደብ ልክ እንዲህ ያለው ዘመቻ ተካሄደ፤ የኮሪያን ጦርነት መልክም ለወጠ። ባሕር ኃይሉ ተሸካሚዎቹን መልሶ አገኘ።

የኑክሌር ኃይል የመርከበኛውን ኑሮ ለወጠው?

የሰርጓጅ መርከበኛውን አዎ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የነበሩት ሰርጓጆች በናፍጣ ሞተር የሚሠሩ፣ ከውኃ በታች በባትሪ የሚንቀሳቀሱ፣ ባትሪ ለመሙላትም ወደ ላይ መውጣት ያለባቸው ነበሩ፤ 52ቱ ሰምጠው 3,500 ያህል ሰው ሞቷል። በአድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ግትርነት የተሠራችው ናውቲለስ ጃንዋሪ 17 ቀን 1955 በኑክሌር ኃይል ስትነሣ ይህ ገደብ ተሰበረ፤ ኦገስት 3 ቀን 1958 በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር አልፋለች። ከዚያ በኋላ በውኃ ሥር የመቆያውን ጊዜ የሚወስነው የምግቡ ክምችትና የሰው ትዕግሥት ሆነ። 16 የፖላሪስ ሚሳይሎች የተሸከመችው ጆርጅ ዋሽንግተን በ1960 ስትሰማራ ለአንዷ መርከብ «ሰማያዊ» እና «ወርቃማ» የተባሉ ሁለት ሙሉ ሠራተኞች ተመደቡላት፤ መርከቧ ዕረፍት አያስፈልጋትም፣ ሰዎቹ ግን ያስፈልጋቸዋል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያገኟቸው በስዊዝ ቦይ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ መልህቅ ጥላ በነበረችው በአሜሪካዊቷ ክሩዘር ኩዊንሲ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ካነሷቸው ጉዳዮች ዋነኞቹ የኤርትራና የባሕር በር ጉዳይ ነበሩ፤ ሩዝቬልት ግን ከሁለት ወር በኋላ ሞቱ። በ1951 ጸደይም የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ ወደ ኮሪያ የተጓዘው በአሜሪካ የጦር ማጓጓዣ መርከብ ነው፤ ብዙው ወታደር ከላይ የተገለጸውን ዓይነት የተደራረበ አልጋ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ግንኙነት ራሷ መርከቧ ናት። በ1944 በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ የባሕር አውሮፕላኖችን በመርዳት በፓስፊክ ያገለገለችው፣ በ1946ም በቢኪኒ ደሴቶች ለተደረገው የአቶሚክ ሙከራ ድጋፍ የሰጠችው ኦርካ፣ በጃንዋሪ 1962 ለንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተሰጥታ «ኢትዮጵያ» ተባለች። 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ይህች መርከብ ምጽዋን መነሻዋ አድርጋ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆና ቆየች። ምጽዋ በ1990 ከእጅ ከወጣች በኋላ፣ በ1991 አሰብም ስትወጣ ወደ የመን ሄደች፤ በ1993ም እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።